ጌታ ይመጣል፤ ሰንጠረዡ ይቀደድ

ኢየሱስ ክርስቶስ ተመልሶ ይመጣል። ያረገው እርሱ ራሱ ይመጣል፤ ሙታን ይነሣሉ፤ ፍርድ ይሆናል። ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩትም ቀጥሎ ያለውን ያነበበ ሰው «ምጽአትን ካደ» ብሎ እንዳይነሣብኝ ነው። የተቆጣሁት ስለማላምን ሳይሆን ስለማምን ነው። ተስፋዬን ወስደው የማላውቀው ነገር አድርገው መለሱልኝ፤ ቁጣዬ ከዚህ ይጀምራል።

ጌታ ስለ መምጣቱ ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን ለሁለት ነገር አዘጋጅቷቸዋል፤ ለመዘግየትና ለመከራ። ሙሽራው እንደሚዘገይ፣ የባሮቹ ጌታ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደሚመለስ ነገራቸው። ስለ ስሙ እንደሚጠሉ፣ ለመከራ ተላልፈው እንደሚሰጡ፣ የሚድነው እስከ መጨረሻ የጸና እንደሆነም ነገራቸው። ዛሬ በብዙ የወንጌላውያን አዳራሾቻችን የሚሰበከው ንጥቀት ግን ሁለቱንም ይሰርዛል። «አይዘገይም፣ ነገ ነው» ይላል። «መከራውን አታዩትም፣ ከዚያ በፊት ትወሰዳላችሁ» ይላል። ጌታ ያዘጋጀንን ነጥቆ ባዶ እጃችንን የሚተወን ትምህርት የተባረከ ተስፋ ሊባል አይገባውም።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም የሆነውን አስታውሱ። አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰባኪ ጌታ በራእይ ተገልጦልኝ ንጥቀቱ መስከረም 13 እና 14 ነው ብሎኛል አለ። ቀኑ የአይሁድ አዲስ ዓመት ላይ፣ የመለከት በዓል በሚሉት ላይ የዋለ ስለነበር ሰው ሁሉ «ተገጣጠመ» አለ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ በእኛም ቋንቋ እየተተረጎመ በየቴሌግራሙ ተሰራጨ። የማውቃት አንዲት እህት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ በስልክ ነው የምታመልከው። ያን ወር የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳትልክ ቀረች። እናቷ ደጋግመው ሲጠይቋት «ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል?» አለቻቸው። መስከረም 15 ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ አይወጣም። «ጋሼ፣ እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አለችኝ።

ልብ በሉ። ሰባኪው ተሳሳተ ብላ አላሰበችም። እርሷ ነች በራሷ ላይ የፈረደችው። ሌሎቹ ሄደው እርሷ የቀረች፣ ጌታ አይቷት ያለፋት መሰላት። ትንቢቱን በድምፅ መልእክት የላከላት የአገር ቤት አገልጋይ በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አዲሱ ዓመት በረከት ሰበከ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ አንዲት ቃል የለ። አፍ ዳገት አይፈራም እንዲሉ፣ አፉ ወጥቶ ወርዶ ሄደ፤ ዳገቱ ላይ የቀረችው እርሷ ናት።

«ይህ የአንድ አሳሳች ሰው ሥራ ነው፣ ትምህርቱን ምን አገባው?» የሚለኝ ይኖራል። አገባው እንጂ። ያ ሰው ቀን ሲቆርጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሰማው፣ መሬቱ ቀድሞ ታርሶ ስለቆየለት ነው። ማን አረሰው? እንዴትስ ታረሰ? ይህን ማወቅ የሁላችንም ዕዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የጌታን ዳግም ምጽአት ከሐዋርያት ጀምሮ ታምናለች። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ማቴዎስ 24ን እያነበቡ ምጽአቱን ያስባሉ። የጥንት አባቶች ስለ ሺው ዓመት ተለያይተዋል፤ ዮስጢኖስ ሰማዕትና ሄሬኔዎስ ጌታ በምድር ላይ ሺህ ዓመት እንደሚነግሥ ጠበቁ፣ አውግስጢኖስ ሺውን ዓመት የአሁኑ የቤተ ክርስቲያን ዘመን አድርጎ ተረጎመው። ጌታ ግን ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ ይመጣል፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያንን ከታላቁ መከራ በፊት በድንገት ሊወስድ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ በይፋ ሊነግሥ የሚል የተሟላ ሥርዓት ሆኖ የተዘረጋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የዘረጋውም ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው፤ የአየርላንድ አንግሊካን ቄስ የነበረና ያንን ትቶ ከብረዝረን ማኅበር መሪዎች አንዱ የሆነ ሰው። ትምህርቱ ቅርጽ ከያዘባቸው ስፍራዎች አንዱ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአየርላንድ ዊክሎው፣ በእመቤት ፓወርስኮርት ርስት የተደረጉት የትንቢት ጉባኤዎች ናቸው።

ዳርቢ በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ደጋግሞ አሜሪካ ተጓዘ፤ ትምህርቱም በዚያ ሥር ሰደደ። ከሁሉ በላይ ያስፋፋው ግን ጠበቃ የነበረው ሳይረስ ስኮፊልድ በ1909 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ባለ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የእግዚአብሔርን ሥራ በሰባት ዘመን ከፈለው፦ ንጽሕና፣ ህሊና፣ የሰው መስተዳድር፣ ተስፋ፣ ሕግ፣ ጸጋ፣ መንግሥት። ማብራሪያው የታተመው ከቅዱሱ ቃል ሥር፣ በዚያው ገጽ ላይ ነው። አንባቢው ዓይኑ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የነቢዩ ቃል የት አልቆ የስኮፊልድ ሐሳብ የት እንደጀመረ ሳያስተውል ሁለቱን አንድ አድርጎ በልቡ ያዘ። የስኮፊልድ ደቀ መዝሙር የነበረው ሉዊስ ቼፈር በ1924 እ.ኤ.አ. የዳላስን ሴሚናሪ መሠረተ፤ ከዚያ የወጡ መምህራን ዓለምን አዳረሱ። መሐንዲስ የነበረው የባፕቲስት ፓስተር ክላረንስ ላርኪን ደግሞ ትምህርቱን በሥዕል ዘረጋው። ዛሬ በየኮንፈረንሱ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሰንጠረዥ፣ በግራ ኤደን፣ በቀኝ አዲስ ሰማይ፣ በመካከል ወደ ላይ የተሰቀለ ቀስት ያለው፣ የእርሱ ሥዕሎች የልጅ ልጅ ነው።

አዲስ ስለሆነ ሐሰት ነው አልልም። አሮጌ ስሕተትም አለ። የምለው፣ 200 ዓመት ያልሞላው የአንድ ወገን አተረጓጎም በመድረኮቻችን ላይ እንደ ራሱ እንደ ወንጌሉ መቆም የለበትም ነው። «ንጥቀትን እንዲህ አላየውም» ያለ ወጣት በጸሎት ቡድኑ ፊት እንደ ከሃዲ ሊታይ አይገባም። ብረዝረኖቹ ራሳቸው እንኳ አልተስማሙም። ቤንጃሚን ኒውተን ዳርቢን ተቃወመ፤ በአዲስ ኪዳን የግሪክ ጽሑፎች ጥናት የታወቀው ሳሙኤል ትሬገሊስ ተቃወመ፤ በብሪስቶል አእላፍ ወላጅ አልባ ልጆችን በጸሎትና በእምነት ያሳደገው ጆርጅ ሙለር ምስጢራዊውን ንጥቀት አልተቀበለም። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን የሚንቁ አልነበሩም። በ1956 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ላድ፣ ራሱ የሺህ ዓመቱን መንግሥት የሚጠብቅ ምሁር፣ ቤተ ክርስቲያን በመከራው ውስጥ እንደምታልፍ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ተሟገተ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልብ እንግባ። የዳርቢ ልጆች ትልቁ ክርክር «በማንኛውም ቅጽበት» የሚለው ነው። ከንጥቀቱ በፊት ሊፈጸም የቀረ አንድም ትንቢት የለም ይላሉ። በዳንኤል ምዕራፍ 9 ካሉት ሰባ ሱባዔዎች ስልሳ ዘጠኙ በመሲሑ አልቀዋል፤ ከዚያ የትንቢቱ ሰዓት ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያን በመካከል የገባች፣ ነቢያት ያላዩዋት ዘመን ናት፤ ሰባኛው ሱባዔ የሚጀምረው እርሷ ከተነጠቀች በኋላ ነው ይላሉ። ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ክፍተት በስልሳ ዘጠኝና በሰባ መካከል ያስገባሉ። ዳንኤል ክፍተቱን አልጻፈውም፤ ግን ይሁን፣ ለጊዜው ልቀበላቸው።

እንግዲያውስ ሰዓቱ ቆሟል ካላችሁ፣ ምልክት የምትቆጥሩት ከየት አምጥታችሁ ነው? ከንጥቀቱ በፊት የሚፈጸም ትንቢት የለም ካላችሁ፣ በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ «ጎግ ተነሣ»፣ እስራኤልና ኢራን ሚሳይል ሲወራወሩ «ደረሰ፣ በር ላይ ነው» የምትሉት በምን ሥልጣን ነው? ምልክት የማይቀድመው ምጽአት እና በምልክት የሚታወቅ ምጽአት በአንድ ስብከት ውስጥ አብረው አይኖሩም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገራችን ሰው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመጽሐፍ ሲጠየቁ «ምልክት አያስፈልግም» በሚለው ባላ ይያዛሉ፤ አዳራሽ መሙላት ሲፈልጉ «ምልክቶቹን ተመልከቱ» በሚለው ይንጠለጠላሉ።

ያለፉት 50 ዓመታት ምስክር ይሁኑ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሃል ሊንዚ፣ የዳላስ ምሩቅ፣ በሚሊዮኖች የተሸጠ መጽሐፍ አወጣ። እስራኤል በ1948 መንግሥት ሆነች፣ ትውልድ 40 ዓመት ገደማ ነው፣ ስለዚህ በዚያ ትውልድ ውስጥ ሁሉ ይፈጸማል ብሎ ጠቆመ። ሕዝቡ ደምሮ 1988 አለ። የአውሮፓ የጋራ ገበያ አሥር አገር ሲሞላ የአውሬው አሥር ቀንድ ተባለ፤ ቆይቶ አሥራ ሁለት ሆነ፣ አሁን ሃያ ሰባት ነው፤ ቀንዱን ግን መልሶ የቆጠረ የለም። 1988 ሲደርስ የናሳ መሐንዲስ የነበረው ኤድጋር ዊዝናንት ንጥቀቱ በዚያ ዓመት የሚሆንባቸውን 88 ምክንያቶች ቆጥሮ አሳተመ። የቆረጠው ቀን ከሴፕቴምበር 11 እስከ 13 ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን የእኛ የ1981 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነው። ቀኑ አለፈ፤ ሰውየው ሒሳቤን በአንድ ዓመት ስቻለሁ ብሎ ለ1989 አዲስ ጽሑፍ አወጣ። ሊንዚ በ2024 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመቱ ሞተ፤ ሰንጠረዡ ግን አልሞተም።

በደቡብ ኮሪያ የሆነው ከዚህ ይከፋል። ዳሚ የተባለ የአገልግሎት ማኅበር ንጥቀቱ ኦክቶበር 28 ቀን 1992 ነው ብሎ አወጀ። ሰዎች ሥራ ለቀቁ፣ ቤት ሸጡ፣ ትዳር በተኑ፣ ገንዘባቸውን ለማኅበሩ ሰጡ። ያ ሌሊት አልፎ ነጋ። መሪው ሊ ጃንግ ሪም በማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ፤ በምርመራው የተገኘው ደግሞ ንጥቀቱ ይሆናል ካለበት ቀን በኋላ የሚከፈል ቦንድ ነበር። የሚያምን ልብን እንዲህ የሚዘርፍ ሰው በቤተ ክርስቲያን ስም ሲጠራ መስማት ያቃጥለኛል!

ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ዳርቢ ቀን አልቆረጠም። የዳላሶቹ ጆን ዋልቩርድና ቻርልስ ራይሪ ቀን መቁረጥን ነቅፈዋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዳረል ቦክና ክሬግ ብሌዚንግ የመሳሰሉ የዚያው ትምህርት ቤት ምሁራን ብዙውን የድሮ አከፋፈል አለዝበዋል። ይህ ወገን እግዚአብሔር ለእስራኤል የገባውን ቃል ቤተ ክርስቲያን በትዕቢት እንዳትረሳ አስታውሷል፤ ለወንጌል ስርጭት የነበረው ትጋትም የሚካድ አይደለም። ያመኑበትን በቅንነት ያስተማሩ ብዙዎችን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁ።

ብርቱውን ክርክራቸውንም አልሸሽም። «ሐሳዊው መሲሕና መከራው መቅደም ካለበት፣ የምንጠብቀው ክርስቶስን ሳይሆን ሐሳዊውን መሲሕ ሊሆን ነው፤ ትጋትም ይጠፋል» ይላሉ። መልሱ በሐዋርያት ሕይወት ውስጥ አለ። ጴጥሮስ ሸምግሎ እጁን ዘርግቶ እንደሚሞት ከጌታ አፍ ሰምቶ ነበር። ጳውሎስ በሮም እንደሚመሰክር ተነግሮት ነበር። ኢየሩሳሌም እንደምትፈርስ፣ ወንጌል ለአሕዛብ ሁሉ እንደሚሰበክ ሁሉም ያውቁ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይሆን ጌታ እንደማይመጣ እያወቁ እንደ እነርሱ የተጋ ማን አለ? የትጋታቸው ምንጭ «ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል» የሚል ግምት አልነበረም። የሚመጣውን ጌታ ያውቁት ነበር፤ የሰጣቸውን ሥራም ያውቁት ነበር፤ ይህ በቃቸው።

ተሰሎንቄዎች ደግሞ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ሰምተው ሲናወጡ ጳውሎስ ምን ብሎ አረጋጋቸው? ክህደቱ ሳይመጣ፣ የዓመፅ ሰው ሳይገለጥ ያ ቀን አይሆንም አላቸው። ከመከራው በፊት የሚሆን ንጥቀት ቢያስተምር ኖሮ ከሁሉ የቀለለ መልስ በእጁ ነበር፤ «እናንተ እዚህ አላችሁ እኮ፣ ካልተነጠቃችሁ ያ ቀን አልጀመረም» ማለት ይበቃው ነበር። አላለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በጻፈላቸው መልእክት ውስጥ ስለ መነጠቅ የተናገረው ቦታም ቢሆን ጩኸት፣ የመላእክት አለቃ ድምፅና መለከት ያለበት ነው፤ በምስጢር የሚሆን ነገር አይታይበትም። ጌታም በማቴዎስ 24 ምርጦቹ የሚሰበሰቡት ከመከራው በኋላ እንደሆነ በግልጽ አስቀመጠ። አንዱ ሲወሰድ ሌላው ይቀራል የሚለውን ሲናገርም ምሳሌው የኖኅ ዘመን ነው፤ በኖኅ ዘመን ጎርፍ የወሰደው ኃጥአንን ነው፣ በምድር የቀሩት ኖኅና ቤተሰቡ ናቸው። በመጨረሻው ሌሊት ሲጸልይም ከዓለም እንዲያወጣቸው ሳይሆን ከክፉ እንዲጠብቃቸው ለመነ። ከእግዚአብሔር ቁጣ ድነናል፣ ይህ እውነት ነው። ከሰው ቁጣ እንድናለን ያለን ግን ማንም የለም።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። «መከራ አታዩም» የሚለው ስብከት ለማን ነው የሚሰበከው? በፓወርስኮርት ርስት ሰላም ውስጥ ተቀምጦ ማሰብ ይቻል ይሆናል። በእኛ አገር እንዴት ተብሎ ይሰበካል? ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ በደርግ ሁለቴ ታስረው ተፈቱ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በኡራኤል ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። የማምለጫ በር ተከፍቶለት የዘጋ ሰው አጽም በምድራችን ተቀብሮ ሳለ፣ የክርስትናን ተስፋ ማምለጫ አድርጎ መስበክ ድፍረት ነው።

ከእርሳቸውም በፊት አሉ። ፋሺስት ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ጥቂት አሥሮች ነበሩ። የወላይታው አማኝ ዋንዳሮና ባልንጀሮቹ ታሰሩ፣ በአደባባይ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት በአሥር ሺህ የሚገመት ሕዝብ ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ በሊቢያ ባሕር ዳርና በረሃ ሠላሳ ገደማ ወንድሞቻችን በመስቀሉ ምክንያት ታረዱ፣ በጥይት ተደበደቡ። ለእነዚህ ወንድሞች እናቶች «ታላቁ መከራ ገና ነው፣ እኛ ግን አናየውም» የሚል ሰባኪ ዓይናቸውን እያየ ይበለው!

ለመከራ ያልተዘጋጀ ሰው መከራ በመጣ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ እምነቱን ይጥላል፣ ወይ በየጥላው ይደነግጣል። ድንጋጤውን አይተነዋል። በኮሮና ጊዜ ክትባቱ 666 ነው ተባለ፤ የልጅ መርፌ ሳይቀር የተፈራበት ቤት አውቃለሁ። የዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ ያው ወሬ ተነሣ። በዮሐንስ ራእይ ግን የአውሬው ምልክት ከስግደት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥያቄው ለማን ትሰግዳለህ የሚል ነው። በጉቦ የሚፈርም፣ በዘሩ ምክንያት የጎረቤቱን ደም የሚመኝ፣ ለባለ ሥልጣን ሲል እውነትን የሚቀብር ሰው መርፌውን ፈርቶ ከአውሬው ያመለጠ ይመስለዋል። በአያቶቻችን አፍ «ስምንተኛው ሺህ» እየተባለ የኖረው የዘመን መጨረሻ ፍርሃት ከአሜሪካው ሰንጠረዥ ጋር ተጋባ፤ የተወለደው ልጅ ስሙ ድንጋጤ ነው። ጌታ ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ ሲናገር መጀመሪያ ያዘዘን እንዳንደነግጥ ነበር።

ስለ እስራኤልም ሳልናገር አላልፍም። የዚህ ትምህርት ሰባኪዎች ማንም እንደ እኛ እስራኤልን የሚወድ የለም ይላሉ። እንግዲያው ሰንጠረዡን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከመምህራኖቻቸው ብዙዎቹ በዘካርያስ ትንቢት ላይ ተመሥርተው በታላቁ መከራ በምድሪቱ ካለው የአይሁድ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያልቃል ብለው ያስተምራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ በሰማይ ግብዣ ላይ ናት። በዚያ ምድር ከጎንደር ተነሥተው በሱዳን በረሃ ወገናቸውን እየቀበሩ ያለፉ፣ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ የሆኑ የአገራችን ልጆች አሉ። በጋዛም በስደተኛ ድንኳን ልጆቻቸውን የሚቀብሩ እናቶች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል በክርስቶስ የሚያምኑ አሉ። ሚሳይል ሲወነጨፍ መድረክ ላይ «ሃሌ ሉያ፣ ሰዓቱ ቀረበ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሰው ሬሳ የሚቆጠር ሰዓት የክርስቶስ ሰዓት አይደለም። እርሱ ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰ እንጂ አላጨበጨበም።

ታዲያ መትጋት ማለት ምንድን ነው? ጌታ ለጠየቁት መልሱን ሳይሰጥ አላለፈም፤ ሰንጠረዥ ሠሪዎቹ የሚዘሉት ክፍል ይኸው ነው። ማቴዎስ 24 ላይ ይጀምራሉ፣ ስለ በለስ ዛፍ ይናገራሉ፣ እዚያው ያበቃሉ። ትምህርቱ ግን እስከ ምዕራፍ 25 ማለቂያ አንድ ነው። ታማኙ ባሪያ የተመሰገነው የጌታውን መምጫ ስላሰላ ሳይሆን ለቤተሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ስለሰጠ ነው። አሥሩን ቆነጃጅት ተመልከቱ። ሰነፎቹ እኮ «ሙሽራው አሁን ነው የሚመጣው» ያሉት ናቸው! ለዚህ ነው ትርፍ ዘይት ያልያዙት። ልባሞቹ ሊዘገይ እንደሚችል አስበው ማሰሮ ሞልተው መጡ። ባለ አንድ መክሊቱም የተቀጣው ጌታውን ባለመጠበቁ አልነበረም፤ መክሊቱን ቀብሮ በመቀመጡ ነው። ጳውሎስም የጌታን ቀን ወሬ ሰምተው ሥራ ለፈቱት የተሰሎንቄ ሰዎች ሠርተው የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ አዘዘ። ሰው ጌታን የሚጠብቀው በሥራው ላይ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ትምህርታችሁን ጨርሱ። አግቡ፣ ውለዱ፣ ዛፍ ትከሉ፣ ዕዳችሁን ክፈሉ። ጌታ ዛሬ ማታ ቢመጣ ሥራ ላይ ያገኛችኋል፤ ሃምሳ ዓመት ቢዘገይ አገርና ቤተ ክርስቲያን የሚሸከም ጫንቃ ይኖራችኋል። «ጊዜ የለም» ብሎ ከዩኒቨርሲቲ ያስወጣችሁን ሰው፣ የራሱን ልጆች የት እንደሚያስተምር ጠይቁት።

እናንተ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ደግሞ ስሙኝ፤ በአክብሮት ነው የምናገራችሁ፣ ዝም ግን አልልም። በመድረካችሁ ቀን የቆረጠ፣ ወይም በዘዴ «ከዚህ ዓመት አያልፍም» ያለ ሰው ካለ፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ በዚያው ሕዝብ ፊት በስሙ ተነሥቶ ንስሐ ይግባ። እምቢ ካለ ዳግመኛ አትጋብዙት። የሙሴ ሕግ፣ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ያልሆነለትን ነቢይ አትፍሩት ይላል፤ እኛ ግን ፈርተናቸው ስንት ቤት ፈረሰ! በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶቻችሁም ስለ ምጽአት ቤተ ክርስቲያን ያየቻቸውን አመለካከቶች ሁሉ አስተምሩ፤ የዳርቢንም አስተምሩ፣ ግን የዳርቢ ነው ብላችሁ አስተምሩ። ምእመኑ የሰውን ሐሳብ ከእግዚአብሔር ቃል ለይቶ የማወቅ መብት አለው። ለመከራ አዘጋጁት፤ መከራ ወደዚህ አገር ለመምጣት ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ለመዘግየትም አዘጋጁት፤ ልጆቹ የሚኖሩበት አገር አለና።

በመጪው እሑድ ስለ ምጽአት ለመስበክ የተዘጋጀ ካለም ሰንጠረዡን ቤቱ ትቶ ይምጣ። ማቴዎስ 25ን ይክፈት፤ ከቁጥር 31 በፊትም አያቁም። የተራበውን፣ የታሰረውን፣ እንግዳውን የሚቆጥረውን ፍርድ እስከ መጨረሻው ቃል ለሕዝቡ ያንብብ። ከዚያ በኋላ ስለ ጌታ መምጣት የሚለን ካለው፣ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን።